የክረምት እህል ሁለት ጊዜ ይከፈላል

ከጅማው ሂርማታ ገበያ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ሰቃ ጨቆርሳ በየቤቱ የሚሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ በወሩ መባቻ ለአስቤዛ ተቆጥሮ የተለየው ገንዘብ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተሻሽሎ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ ለሚጀምረው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱ በተነገረ ማግስት፣ ጭማሪውን ጤፍና ዘይት፣ ሽንኩርትና የቤት ኪራይ እንደ ተከፋፈሉት ባለ ደመወዙ ይናገራል። የቡና ገበሬውም፣ የኒው ዮርክ ገበያ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለአንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ በከፈለበት፣ አገራችንም በዚያው በጀት ዓመት 469 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ያህል ባገኘችበት ዘመን፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር እህል በኪሎ ለመሸመት ብድር የሚያስፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። መካሪዎች ነገሩን ወደ ቤተ ሰቡ ጠባይ ይመልሱና፣ የጅማ ሰው በሰርግና በዝክር፣ በእንግዳና በቡና ጠጡ ገንዘቡን የሚበትን ስለ ሆነ ወጪውን በደብተር እየጻፈ እንዲኖር ይመክሩታል፤ ባለ ሥልጣኖች ደግሞ ነጋዴው እህል ደብቆ ዋጋ እንደሚሰቅል ይናገሩና መጋዘን ያሽጋሉ። ወጪ የማይቆጥር ቤት፣ ርኅራኄ የሌለውም ነጋዴ የለም አልልም፤ ነገር ግን አባካኝነትም ስግብግብነትም ዓመቱን ሙሉ ከሰው ጋር የሚኖሩ ጠባዮች ሲሆኑ፣ ችግሩ በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚመለስ ነውና፣ ምክንያተ ነገሩን ከሰው ጠባይ ይልቅ በዓመቱ ሥርዓት ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

አበው ዓመቱን መፀው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት ብለው በአራት ከፍለውታል፤ የቡና አገር ቤት ገቢና ወጪም በደንብ የሚነበበው በዚህ አከፋፈል ነው። በመፀው፣ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው ጊዜ፣ ቀዩ እሸት ቡና እየተለቀመ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይወርዳል፣ የቀረውም በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል፤ ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው ያን ጊዜና በተከታዩ የሐጋይ መጀመሪያ ነው። ጤፉም የሚታጨደውና የሚወቃው በዚያው ሰሞን ስለ ሆነ፣ እህል ከዓመቱ ሁሉ የሚረክሰው በጥርና በየካቲት ነው። ከዚያ ወዲያ በጸደይ ጎተራው እየጎደለ ዋጋው እየወጣ ይሄድና፣ መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት፣ አዲሱም አዝመራ ገና በማሳ ላይ ባለበት በክረምት ከጫፍ ይደርሳል። እንግዲህ የቡና ገበሬ ገንዘብ በሚያገኝበት ወራት እህል ርካሽ ነው፤ ይህ መገጣጠም ለሌላው አገር ገበሬ ያልተሰጠ በረከት ሊሆንለት ሲገባ፣ ከበረከቱ ሳይጠቀም የሚቀርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ነው ሊመረመር የሚገባው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ቁጥር ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ይህ የዓመቱ መውጣትና መውረድ ዘወትር በሚነገረው ይፋ ቁጥር ውስጥ አይታይም። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው፣ ራዲዮና ጋዜጣም የሚያስተጋቡት የዋጋ ንረት መጠን የዘንድሮን ነሐሴ ከአምናው ነሐሴ ጋር የሚያመዛዝን ነው፤ በዚህም አቆጣጠር ንረቱ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከነበረበት 37 በመቶ ገደማ በ2017 ክረምት ወደ 14 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ሐሰት ነው ይላል። እኔም በይፋ ቁጥሮች ላይ ያለኝ እምነት የጸና አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት የምግብና የሌላው ወጪ ሚዛን እንኳ በ2008 ዓ.ም. በተደረገ የቤተ ሰብ ፍጆታ ጥናት ላይ የቆመ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱም ማዕዱም ተለውጧል። ነገር ግን ቁጥሩ ፍጹም እውነት ቢሆን እንኳ የጠየቅነውን አይመልስም። ለአብነት ያህል፣ አንድ መስፈሪያ ጤፍ በጥር 100 ብር ቢሆንና በነሐሴ 130 ብር ቢደርስ፣ በሚቀጥለው ጥር ወደ 113 ብር ወርዶ በነሐሴው 147 ብር ቢገባ፣ ጥርን ከጥር፣ ነሐሴንም ከነሐሴ የሚያስተያይ ሰው በሁለቱም ጊዜ 13 በመቶ ብቻ ያገኛል፤ ከጥር እስከ ነሐሴ ቤቷን ያስተዳደረችው እመቤት ግን በያንዳንዱ ዓመት 30 በመቶ አቀበት ወጥታለች። የዐሥራ ሁለት ወር አማካይ የሚባለውም ወራቱን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚደምር ይህን አቀበት ፈጽሞ ይሰውረዋል። ከወር ወደ ወር ያለው ለውጥ በመግለጫው ውስጥ መገኘቱን አልክድም፤ ነገር ግን ዜና ሆኖ ሲነበብ አይሰማም። የቤቷ እመቤት ‘ቁጥሩና ኑሮዬ አይገናኙም’ ስትል እንግዲህ የሐሳብ ስሕተት የለባትም፤ እርሷ የምትኖረው በዓመቱ ውስጥ ነው፣ ቁጥሩ የሚለካው ከዓመት እስከ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በሐምሌ እህል ያለቀበት የቡና ገበሬ፣ በቤቱ ሰው ሲታመምበት ወይም የልጆች ደብተርና ልብስ ሲደርስበት፣ ወደ ቡና ሰብሳቢው ወይም ወደ መንደሩ ባለ ሱቅ ይሄዳል፤ ያም ሰው ገንዘብ ወይም እህል ይሰጠዋል፤ መያዣውም ገና በዛፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ፍሬ ነው። በመካከላቸው ወለድ የሚል ቃል አይነገርም፤ የሚነገረው በኅዳር ይህን ያህል ኪሎ እሸት ታስረክባለህ የሚል ብቻ ነው። ወለዱ የተሸሸገው በዋጋው ውስጥ ነው። ለምሳሌ በነሐሴ 1,000 ብር የወሰደ ሰው በኅዳር ገበያ 1,500 ብር የሚያወጣ ቡና ለማስረከብ ቢዋዋል፣ በሦስት ወር ውስጥ በመቶ 50 ወለድ ከፈለ ማለት ነው። በዚያ በ1,000 ብር የሸመተው እህል ደግሞ በክረምት ዋጋ የተሸመተ ነው፤ ከላይ እንዳልነው ክረምቱ ከጥር በመቶ 30 የሚበልጥ ከሆነ፣ ያው እህል በጥር 770 ብር ገደማ ይበቃው ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው በ770 ብር የሚገኘውን እህል በ1,500 ብር ቡና ገዛው፤ አንዱን ጭማሪ በእህሉ ላይ፣ ሁለተኛውን በቡናው ላይ ከፈለ። ስለ ኑሮ ውድነት በሚጻፈው ሐተታ ሁሉ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በገበያ ስለማይጠራና በደረሰኝ ስለማይጻፍ ማንም አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ከሁለቱ የሚከብደው እርሱ ነው ባይ ነኝ።

ይህም ብቻ አይደለም፤ ክፍያው ራሱን ይወልዳል። ኅዳር ሲደርስ ከምርቱ ከፊሉ አስቀድሞ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ከቀረው ላይ የለቃሚው የጉልበት ዋጋ፣ የመሬት ግብር፣ የዕድር መዋጮ፣ የልጅ ሰርግ ይወጣለታል፤ ጥር ሲገባ፣ እህል በረከሰበት በዚያ ወር፣ ገበሬው አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት ገንዘብ በእጁ አይቀርም። ስለዚህ በነሐሴ እንደገና ወደዚያው ደጅ ይሄዳል። መካሪዎቹ በጥር የሚያዩት ሰርጉን ነው፣ በኅዳር የተከፈለውን የነሐሴ ዕዳ አላዩትም፤ ከዚያም ተነሥተው ቡና ገበሬ ቁጠባ አያውቅም ብለው ይፈርዱበታል።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተደረገ ጊዜ የዚህ ነገር ክብደት ገሃድ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ፤ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ ለአንዱ ዶላር የሚያገኘው ብር በዚያው መጠን በዛ፤ ሊቃውንቱም የቡና አምራቹ ከሁሉ ይልቅ ተጠቃሚ ይሆናል አሉ። ቃላቸው ስሕተት አልነበረም፤ ለማን እንደሚደርስ ግን አልመረመሩም። ቀኑ በክረምት መካከል መሆኑን ልብ ይሏል፤ በሰኔ ዋጋ የተዋዋለ ገበሬ ቡናውን ያስረከበው በአሮጌው ብር ነው፣ ዘይትና ሳሙና የገዛው ግን በአዲሱ ነው። ዕዳ ያልነበረበትና እስከ ታኅሣሥ መታገሥ የቻለው ገበሬ ጥቅሙን አገኘ፤ በአንድ ቀበሌ በአንድ ዓይነት ቡና የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በዚያ ዓመት የተለያዩበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለ ነጋዴውም አንድ ነገር መባል አለበት። እህል በጥር ገዝቶ በነሐሴ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን ሰባት ወር አስሮ፣ የመጋዘን ኪራይ ከፍሎ፣ ነቀዝና ሻጋታ የሚያጠፋበትን ተቀብሎ የተቀመጠ ነው፤ በጥርና በነሐሴ መካከል ካለው ልዩነት ብዙው የዚህ ጥበቃ ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ ለነጋዴው ላለመክፈል ያለው መንገድ ጥበቃውን ቤት ራሱ መሥራቱ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገው በኦሪት ዘፍጥረትም በቅዱስ ቁርኣንም የተነገረ ስለ ሆነ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት አገራችን የማያውቀው የለም፤ በቁርኣኑ እንዲያውም ከሚበላው ጥቂት በቀር እህሉን ከነዛላው ማቆየት እንደሚገባ ምክሩ እስከ አሠራሩ ድረስ ተነግሯል። የጅማ አየር እርጥብ ስለ ሆነ በቆሎ ጎምቢሳ በሚባለው ጎተራ ውስጥ ለነቀዝና ለሻጋታ የተጋለጠ ነው፤ ጤፍ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ከእርጥበት ከተጠበቀ ብዙ ዘመን ይቆያል። የሚቀመጠው እህሉ ነው እንጂ ዱቄቱ አይደለም፤ ዱቄት በወራት ውስጥ ይበላሻል። በርበሬ፣ ሽሮ እህልና ንጥር ቅቤም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን እንደ እህል በቤት ውስጥ ከጥር እስከ ክረምት ለማቆየት አይመቹም፤ በእነርሱ ላይ ቤቱ የገበያውን ፈቃድ ይቀበላል።

የቀድሞው ቤት ይህን ጥበቃ ያለ ገንዘብ ያገኘው ነበር። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚሰበሰብበት ታላቅ ገበያ ሳለ፣ ከገበያው የሚመለሰውን ገበሬ በጓሮው እንሰትና ጎደሬ ይጠብቁት ነበር፤ እንሰት በማናቸውም ወር ተቆርጦ ቆጮ የሚሆን፣ ወቅት የማይጠይቅ ቀለብ ነው። ያ ጓሮ ለቡናና ለጫት እየተለቀቀ ሲሄድ ቤቱ ቀለቡን ከጓሮው ማግኘቱ ቀርቶ እህል ሸማች ሆነ። ጫት የተስፋፋው ዋጋው ስለሚበልጥ ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም፤ በዓመት ደጋግሞ ስለሚቆረጥ የነሐሴን ቀዳዳ ይደፍናልና ነው።

ባለ ደመወዙስ? እርሱ ቡና የለውም፣ ደመወዙም ወቅት አያውቅም፤ የእርሱ ስሕተት ለዐሥራ ሁለቱ ወራት እኩል አስቤዛ መመደቡ ነው። እኩል የተመደበው ገንዘብ በየካቲት ይተርፍና ለሌላ ነገር ይውላል፣ በነሐሴ ይጎድልና በዱቤ ይሞላል። ጳጉሜን ደግሞ ደመወዝ የሌለባት፣ እህሉም የተወደደባት፣ ዕንቍጣጣሽና የትምህርት ቤት ወጪ ከፊቷ የቆሙባት ናት። ጾሙም የራሱ ሥርዓት አለው፤ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ገቡ ዘይትና ጥራጥሬ ከሁለቱም ወገን ይፈለጉ ነበር። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከጥር እስከ መጋቢት ላሉት ወራት አብዝቶ ይመድባል፣ ዕቁቡንም ዕጣው በጥር እንዲደርሰው ከማኅበርተኞቹ ጋር ይነጋገራል፤ የዓመቱን ጤፍ ግማሽ እንኳ በዚያ ጊዜ ቢያስገባ የክረምቱ ወር ለሽንኩርትና ለዘይት ብቻ ይቀርለታል።

ለገበሬው መፍትሔው ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ይጀምራል። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የጣዕም ውድድር አንደኛ እስከ መውጣት የደረሰ ነው፤ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በርክክብ ጊዜ ከሚከፍሉት ሌላ ቡናው ተሸጦ ሒሳቡ ሲዘጋ ለአባሎቻቸው የትርፍ ክፍፍል የሚሰጡ ናቸው። ይህ ሁለተኛ ክፍያ በሰኔ፣ ከፊሉም በጥር ተገዝቶ በማኅበሩ መጋዘን በተቀመጠ ጤፍ ቢሰጥ፣ ገበሬው ቡናውን በአረንጓዴው እንዳይሸጥ ከማናቸውም የቁጠባ ስብከት ይልቅ ይረዳዋል፤ የማኅበራቱ ቦርዶች ይህን በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርቡት እለምናለሁ። የስታትስቲክስ አገልግሎትም የጅማን የጥርና የነሐሴ የጤፍ፣ የበቆሎና የዘይት ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ በዓመት አንድ ጊዜ ያውጣልን። አንባቢ ሆይ፣ ቡናው ሲለቀም፣ ጤፉም በዐውድማ ላይ ሲሆን፣ በእጅዎ ከሚገባው ገንዘብ ላይ ሌላ ወጪ ሳይነካው በፊት የክረምቱን ጤፍ ዋጋ ይለዩት።