ከቤት እንደወጣ

ፒያሳ ላይ የመብራት ምሰሶ ሳያነብ የሚያልፍ እግረኛ ጥቂት ነው። የሚከራይ ክፍል፣ የቤት ለቤት አስጠኚ፣ ተፈላጊ ሠራተኛ፤ በመሃላቸው አንዳንዴ ፎቶ ኮፒ ያደበዘዘው የልጅ ፊት። «ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም» ይልና ቁመቱን፣ መልኩን፣ የለበሰውን ሹራብ ይዘረዝራል፤ ያገኘውም ወረታ እንደሚከፈለው ይጨምራል። ለምን እንደወጣ ግን ዝም ነው። የጠፋ ልጅ የምሥጢር ልብ ወለድ ያችን የተዘለለች መስመር ሊጽፍ የተነሣ የታሪክ ዓይነት ነው።

ይህ ልብ ወለድ ሬሳ አያስፈልገውም፤ ያልተተኛበት አልጋ ይበቃዋል። አማርኛም ሳያስበው ተመችቶታል። «ልጁ ጠፋ» ስንል መንገድ ሳተ ማለታችን ነው ወይስ ጥሎን ኮበለለ? ቃሉ አንድ ነው። ወላጅ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ መርማሪው ሁለተኛውን ጠርጥሮ ወደዚያው ቤት ይመጣል። እዚያ የእንጀራ አባት አለ፣ የወደቀ ፈተና አለ፣ ከወር በፊት በእራት ሰዓት የተወረወረች አንዲት ቃል አለች። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃታል፤ ገመና ናትና ለእንግዳ የሚነግር የለም። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ከጣት አሻራ ይልቅ ቡና አጣጭ ጎረቤት የምትጠቅመው።

ልብ ወለዳችን ራሱ የተወለደው በጠፋ ልጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» በተባለው መጽሐፍ፣ ዋሕድ አባቱን ከባርነት የዋጀውን ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ እሱም ለባርነት ይሸጣል። አባትና እህት ሊፈልጉት ይነሣሉ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከ58 ዓመት በኋላ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። ሰብለ ለጋ ልጃገረድ አይደለችም፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲያማርጡ ዕድሜዋ ሄደ። ማን አስወጣት ለሚል መርማሪ ይህ ፋይሉን ለመዝጋት ይበቃል።

መርማሪም ከውጭ አልመጣልንም። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ይታገት ነበር። ሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ትንሽ ልጅ ነው፤ ወገቡን ታስሮ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በልጅ ላይ ተሠርቶ ሰው የሚያስፈርድ ግፍ ነበርና መቅረቱ ደግ ሆነ። ለደራሲ ግን ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው፤ እያንዳንዱ ኮብላይ በመጨረሻ የሚወድቀው የአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ነውና።

ያ ደጃፍ አራዳ፣ ማለትም እዚያው ፒያሳ፣ ቢሆን አይገርምም። በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ ጣሊያኖች ወደ መርካቶ ቢወስዱትም ስሙ ቀርቶ የሰው ጠባይ ሆነ፤ አራዳ ማለት የነቃ፣ የማይሸወድ። ኮብላዩ ፋራ ሆኖ ይመጣል፤ በወር ውስጥ አነጋገሩ ተለውጦ እናቱ በስልክ ድምፁን ትጠራጠራለች። ውቤ በረሃ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰባ ደረጃ ሁሉም መደበቂያ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚብሰው እሪ በከንቱ ነው፤ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ ደራሽ ስላልነበረ ነው ይባላል እንዲህ የተሰየመው። እንዲህ ያለ የሰፈር ስም ለምሥጢር ልብ ወለድ ፈጥሮ ማምጣት ይከብዳል።

ዛሬ ግን ፒያሳ ላይ የሚጽፍ ሰው ሌላ ችግር አለበት። በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። እናትየው ልጇ የሚያድርበትን ቤት ምልክት በወረቀት ጽፋ ብትመጣ፣ ሱቁም፣ ግቢውም፣ በር ላይ ተቀምጣ ሰው የምታውቀዋ ጉሊት ነጋዴም የሉም።