የኮራል ሕይወትና የውሃው ሚዛን፦ ከገዳሪፍ ወንዞች እስከ ቤት ውስጥ ገንዳ

ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ፊቱን ወደ ዓባይ እንጂ ወደ ቀይ ባሕር አያዞርም። በመተማ በኩል የሚያልፈው ጓንግ አትባራ ተብሎ፣ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ከተገናኙ በኋላ ወደ ዓባይ ይገባሉ፤ ራህድ የገዳሪፍን የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ አቋርጦ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ መረብም ጋሽ ተብሎ ከሰላን ካለፈ በኋላ አሸዋው ውስጥ ይቀራል። ወደ ባሕሩ የሚጠጋው ባርካ ነው፤ እሱም በጎርፍ ወራት ብቻ የሚፈስ ሲሆን ደለሉን ጦከር ላይ ያራግፋል። የሱዳን ጠረፍ ከዓለም ውብ የኮራል ሪፎች አንዳንዶቹን ሊያፈራ የቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ደለል የማይገባበት ባሕር ጥርት ያለ ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ወደ ጥልቁ ይዘልቃል፣ ኮራሉንም የሚያፍነው ጭቃ የለም።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት በአንድነት ሰፍረው፣ ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ አራጎናይት የሚባለውን የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ከሥራቸው ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ደግሞ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ በብዙዎቹ የሪፍ ኮራሎች ዘንድ አብዛኛው የኃይል ፍላጎት የሚሟላው ከዚህ ነው። ውሃው ከለመዱት የሞቃታማ ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ እንኳ ኮራሎቹ አልጌዎቹን ሊያስወጡና ነጥተው ሊራቡ ይችላሉ።

ከፖርት ሱዳን ወደ ባሕሩ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኘው ሳንጋኔብ ከ800 ሜትር ጥልቀት የተነሣ የቀለበት ቅርጽ ያለው ሪፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሎ፣ በ2016 ከዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥና ከሙካዋር ደሴት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአቅራቢያው ባለው ሻዓብ ሩሚ በሚባለው ሪፍ እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ጠላቂዎቹን በባሕር ሥር ቤት ለአንድ ወር ያህል አኑሯል።

የዚህን ባሕር ኬሚስትሪ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለመያዝ የሚሞክር ሰው አስቀድሞ የጨውን ነገር ሊረዳ ይገባል። ከቀይ ባሕር በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ይተናል፤ የሚተካውም በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባ ጨዋማ ውሃ ስለሆነ፣ በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ከውቅያኖሱ 35 ግራም ወደ ሰሜን ሲሄዱ እስከ 40 ግራም ይደርሳል። ባሕሩ ከዚያ በላይ የማይጨውበት ምክንያት የከበደው ጨዋማ ውሃ ከሥር በዚያው በር ተመልሶ ስለሚወጣ ነው። ገንዳ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለውም፤ ውሃ ሲተን ጨው ይቀራል፣ የተነነውም በጨው ውሃ ቢተካ ገንዳው በየሳምንቱ እየጨወ ይሄዳል። ስለዚህ ለትነት የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ከዝናብ በፊት ባሉት ወራት አየሩ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት እንደ ገዳሪፍ ባለ አገር ይህ የዕለት ሥራ ይሆናል፤ ገንዳውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ለማቆየት የሚነፋው ማራገቢያም ትነቱን ይጨምራል።

ንጹሕ ሲባል ለመጠጥ የሚበቃ ማለት ብቻ አይደለም። የጉድጓድ ውሃ ካለፈበት ዐለት ሲሊካና ካልሲየም፣ ከእርሻ መሬትም ናይትሬት ሊያመጣ ይችላል፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ለሰው የማይጎዳ ጥቂት መዳብ ደግሞ ኮራልን ይገድላል። በዚህ የተነሣ ውሃው በግፊት በስስ ሽፋን ተጣርቶ ከሞላ ጎደል ባዶ ይሆናል፤ ለትነት ብቻውን ሲጨመር፣ ገንዳውን ለመሙላት ግን የተመጠነ ጨው ይጨመርበታል።

ጀማሪዎች አዘውትረው የሚከታተሉት ፒኤችን፣ ማለትም የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያውን ነው፤ ይሁንና ፒኤች ቀን ቀን አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ከፍ፣ ሌሊት ደግሞ ዝቅ ስለሚል፣ ከ7.8 እስከ 8.4 ቢዋዥቅ ብዙም አያስደነግጥም። ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው አልካላይኒቲ ነው። ይህም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ሲሆን፣ በባሕር ውሃ ውስጥ በአብዛኛው የባይካርቦኔት ክምችትን ይለካል፤ ኮራሉም ለግንባታው ካርቦኔቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። በባሕር ልኩ የጀርመን ዲግሪ በሚባለው የአልካላይኒቲ መለኪያ 7 ገደማ ይሆናል፤ ካልሲየሙም በሊትር ወደ 420 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ኮራሎች ከእያንዳንዱ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲወስዱ 2.8 ዲግሪ አልካላይኒቲ አብሮ ይወጣል። ካልሲየሙ የጎደለው ከመቶ 5 እጅ እንኳ ሳይሞላ አልካላይኒቲው ከመቶ 40 እጅ አጥቷል ማለት ነው። ካልሲየምን ብቻ እየለካ ገንዳው ደኅና መስሎት የሚቀመጥ ሰው ኮራሎቹ ሲያልቁበት ምክንያቱ የማይታየው በዚህ ነው። ከዚህም የባሰው የጎደለውን በአንድ ቀን ለመሙላት መቸኮል ነው፤ ከ7 እስከ 11 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የትኛውም ልክ ሊስማማ ሲችል፣ ድንገተኛ ዝላይ ግን የቅርንጫፎቹን ጫፍ ያቃጥላል።

የጎደለውን ለመተካት ቀላሉ ዘዴ የኖራ ውሃ ነው። በንጹሕ ውሃ የሟሟ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ካልሲየሙንና አልካላይኒቲውን ኮራል በሚወስደው መጠን አመጣጥኖ ስለሚሰጥ፣ ለትነት በሚጨመረው ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ፒኤቹ 12 ስለሚያልፍ ጠብታ በጠብታ፣ ይበልጡን ፒኤች በሚወርድበት በሌሊት መሰጠት አለበት። ለግድግዳ የሚሸጠው ኖራ ባዕድ ነገር ስለሚኖርበት ለዚህ አይሆንም። ሌላው መንገድ ካልሲየም ክሎራይድንና ቤኪንግ ሶዳን ለየብቻ አሟሙቶ በተለያየ ሰዓት ማስገባት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተገናኙ ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ለኮራሉ የታሰበው ሁሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህን ያለ ጊዜው መዝቀጥ የሚያግደው በሊትር ወደ 1,300 ሚሊ ግራም የሚጠጋው ማግኒዚየም ነው፤ በሚፈጠረው ጥቃቅን ክሪስታል ላይ እየተለጠፈ እድገቱን ይገታዋል።

ናይትሬትና ፎስፌት ጥቂት መሆን አለባቸው፤ ፎስፌት ሲበዛ የአጽሙን ግንባታ ያደናቅፋል። ፈጽሞ ከጠፉ ግን በፖሊፑ ውስጥ ያለው አልጌ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር የወጣ፣ ባክቴሪያና ልዩ ልዩ ፍጥረት የሰፈረበትን ድንጋይ በገንዳ ውስጥ አስገብቶ ውሃው በራሱ እንደሚጠራ ካሳወቀ ወዲህ፣ ቆሻሻን ማጣራቱ በአብዛኛው የእነዚህ ባክቴሪያዎች ሥራ ሆኗል።

ኮራሉን ራሱን ከሳንጋኔብ ወይም ከዱንጎናብ ቆርሶ ማምጣት አይገባም። ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። በገንዳ ውስጥ ያደገ ኮራል ቅርንጫፉ ሲቆረጥና በድንጋይ ላይ ሲጣበቅ ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ እንዲህ ያለው ቁራጭ የመስታወት ገንዳውን ብርሃንና ውሃ አስቀድሞ የለመደ ስለሆነ፣ ከባሕር ከተነቀለው ይልቅ የመጽደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።