ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ምቹ የሥራ ሁኔታ መፍጠር የበላይ አመራሩ ኃላፊነት ነው

በ2000 ዓ.ም የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ለሥራው ብቁ የሆነና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያገኘ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠው ደንግጓል።

ይሁን እንጂ አዋጁ በቅጥር ብቻ አልተወሰነም። አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ አስፈላጊ መሣሪያዎችን እንዲያሟላና ሠራተኛው ሥራውን ለማከናወን የሚያስችለውን ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ጥሏል። በሴት አካል ጉዳተኞች ላይ የሚደርሰውን ተደራራቢ ጫና ያገናዘበ ድጋፍ እንዲደረግም አዟል።

እነዚህ ተግባራት በቅን ልቦና ብቻ የሚፈጸሙ አይደሉም። ለዓይነ ስውር ባለሙያ በኮምፒዩተር ላይ ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ለማሟላት፣ መስማት ለተሳነው ሠራተኛ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለመመደብ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሠራተኛ መወጣጫ ለማሠራት በጀት ያስፈልጋል። ይህን የመወሰን ሥልጣን ደግሞ የበላይ ኃላፊው ነው።

ወጪው በዓመታዊ ዕቅድ ካልተያዘ የተቀጠረው ባለሙያ ደመወዝ እየተከፈለው ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ ሲያንስም ጉድለቱ የእርሱ ተደርጎ ይቆጠራል።

በመሆኑም የበላይ ኃላፊው በሩብ ዓመት ሪፖርቱ ስንት አካል ጉዳተኛ እንደተቀጠረ ከማወቅ ባሻገር፣ የተቀጠሩት ምን እየሠሩ እንደሆነና ምን እንደጎደላቸው ከራሳቸው ከሠራተኞቹ መጠየቅ ይኖርበታል።