ቁልፍ ዳኛ አይደለም

ብዙ ወገኖቻችን በሚነግዱባት በናይሮቢ፣ በተለይም በኢስሊ ሠፈር፣ ኪራይ የተጠራቀመበት ነጋዴ አንድ ቀን ጧት ሱቁን በአከራዩ ቁልፍ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። የጽሑፍ ውል ከሌለው ደግሞ መብት የሌለው ይመስለዋል። ሕጉ ግን የሚለው ተቃራኒውን መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ለማስገንዘብ እንወዳለን።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሱቆች፣ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ኪራይ ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ የጽሑፍ ውል የሌለው ወይም ውሉ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ተከራይ ልዩ ጥበቃ አለው። አከራዩ ሊያስወጣው ቢሻ፣ ሕጉ ባዘዘው ቅጽ ቢያንስ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። የኪራዩ መክፈያ ቀን ካለፈ 2 ወር መሙላቱ፣ ወይም ክፍያው ዘወትር መዘግየቱ በምክንያትነት ሊቀርብ ይችላል። ስለ ውዝፉ የተከራዩን ዕቃ አስይዞ በሐራጅ ለማሸጥም፣ አስቀድሞ የንግድ ቤቶች ኪራይ ዳኝነት ጉባኤን ማስፈቀድ፣ ቀጥሎም ፈቃድ ባለው ሐራጅ አቅራቢ መጠቀም ያስፈልጋል።

ይህ ሲባል ሕጉ ኪራይ ላለመክፈል መሸሸጊያ ነው ማለት አይደለም። ማስጠንቀቂያ ደርሶት አቤቱታውን ለጉባኤው ሳያቀርብ ጊዜውን ያሳለፈ ተከራይ ቤቱን ይለቃል። በኪራይ ገቢ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አከራይም ገንዘቡን የማግኘት መብት አለው።

ስለዚህ ተከራይ የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ይጠብቅ፤ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰውም ሳይውል ሳያድር ወደ ጉባኤው ይሂድ። አከራይም ቁልፍ ከመለወጡ በፊት ሥርዓቱን ይከተል። ፍርድ ከዳኛ እንጂ ከቁልፍ አይገኝምና።