የእግር ኳስ ክለብ ስም የማን ነው?

በኢትዮጵያ እግር ኳስ አንድ ክለብ ስሙን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ከተቋቋመበት ከተማ፣ ከታሪክ ሰው ወይም ከአካባቢው ሕዝብ መጠሪያ ነው። ጥቂቶች ደግሞ ከቅዱሳን ስም ወስደዋል። የትኛው ስም ለክለብ ይበጃል የሚለው ክርክር ከሰማንያ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ፋብሪካ ሲሸጥ፣ በሜዳ ላይ ረብሻ ሲፈጠር እንደገና ይቀሰቀሳል።

በ1936 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት። ኢትዮጵያውያኑ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አርመኖቹ በአራራት፣ ግሪኮቹ በኦሎምፒያኮስ፣ ጣሊያኖቹ በፎርቲቱዶ ተወከሉ። አምስተኛው የብሪታንያ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ሲሆን ዋንጫውንም የወሰደው እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ስም ማለት መታወቂያ ነው፤ ተጫዋቹ ከየትኛው ማኅበረሰብ እንደመጣ ለማወቅ የቡድኑን ስም መስማት ይበቃ ነበር። ከአምስቱ ዛሬ በፕሪሚየር ሊግ የሚገኘው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ የስም ጥያቄን ከማንኛውም ክለብ በተሻለ ያሳያል። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት ስሙን የወሰደው ከሰፈሩ ደብር ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ይህ ስም አልተፈቀደለትም፤ ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጫወት ተደረገ። ሊቶሪዮ የፋሺስቱን ሥርዓት ዓርማ የሚያመለክት ቃል ስለሆነ፣ የአራዳ ልጆች የወራሪውን ምልክት በስማቸው ተሸክመው ሜዳ ገቡ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ የቀድሞው ስም ተመለሰ። በደርግ ዘመን ስፖርት በመሥሪያ ቤትና በቀበሌ እንዲደራጅ ሲወሰን ደግሞ ሁለተኛው ለውጥ መጣ፤ ክለቡ በአዲስ አበባ ቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ። በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ለውጥ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ስሙ ተመለሰ። በቢራ ፋብሪካው ስም የተገኙት ዋንጫዎች ዛሬ ሁሉም በቅዱስ ጊዮርጊስ መዝገብ ላይ ይቆጠራሉ፤ ይህን የሚከራከር ሰውም የለም። ሁለት መንግሥታት ስሙን ቢቀይሩትም ክለቡን ሌላ ክለብ ሊያደርጉት አልቻሉም።

የሠራዊቱ ክለብም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በንጉሡና በደርግ ዘመን «መቻል» በሚል ስም ዋንጫ ሲያነሳ የቆየው ቡድን ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ «መከላከያ» ተባለ። ለሃያ ዓመታትና ከዚያም በላይ በዚሁ ስም ከተጫወተ በኋላ በ2014 ዓ.ም. «መቻል» ወደሚለው ተመልሷል። «መከላከያ» የቡድኑን ባለቤት ከመናገር ያለፈ ነገር አልነበረውም፤ «መቻል» ግን ደጋፊ በአንድ ትንፋሽ የሚጮኸው፣ የቀደሙትን ተጫዋቾች የሚያስታውስ ስም ነው። የፖሊስ ቡድን የነበረው ኦሜድላም የዚሁ ወገን ነው። ኦሜድላ አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነስተው ወደ አገራቸው የገቡበት የድንበር ቦታ ስለሆነ፣ ቡድኑ የሠራተኞቹን ሙያ ሳይሆን አገሪቱ የማትረሳውን ቀን ይዞ ተጠራ።

በመሥሪያ ቤት ስም የሚጠራ ክለብ ግን ዕጣው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የታሰረ ነው። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ ከአገሪቱ ኃያላን ቡድኖች አንዱ ነበር፤ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሲጀመርም ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች መካከል ደርሷል። ከፋብሪካው መዳከም በኋላ ስሙ ከታሪክ መዝገብ ውጭ አይሰማም። የጎንደሩ ዳሽን ቢራም ባለቤቱ ድርጅት እጁን ሲያነሳ ፈረሰ። በሐረርም ቢራ ፋብሪካው ለውጭ ኩባንያ ሲሸጥ ክለቡ የከተማውን ስም ይዞ ለመቀጠል ተገደደ። ደጋፊ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያጣው ቡድኑን ብቻ አይደለም፤ ለልጁ የሚያወርሰውንም ነገር ያጣል።

ከዚህ ሕግ በግልጽ የወጣው ኢትዮጵያ ቡና ነው። ክለቡ የበቀለው ከቡና ዘርፍ ሠራተኞች መካከል ቢሆንም፣ ቡና የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም። ጂማም፣ ሲዳማም፣ ሐረርም ይበቅላል፤ በየቤቱ ይፈላል። የመሥሪያ ቤት ስም ሆኖ የጀመረው ለማንም ክፍት የሆነ ስም ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ክለቡ ከራሱ ዘርፍ ውጭ እጅግ ብዙ ደጋፊ ማፍራቱም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የባለቤት ስም ጥያቄ በአውሮፓም ብርቱ ክርክር አስነስቷል። በ1997 ዓ.ም. ሬድ ቡል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ የኦስትሪያውን ዛልትስቡርግ ክለብ ገዝቶ ስሙንም የመለያ ቀለሙንም ሲቀይር፣ ቅር የተሰኙት ደጋፊዎች የድሮውን ስምና ቀለም ይዘው ከታችኛው ዲቪዚዮን የሚጀምር የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። በእንግሊዝ የሃል ሲቲ ባለቤት ክለቡን «ሃል ታይገርስ» ለማሰኘት ያቀረቡትን ጥያቄ በ2006 ዓ.ም. የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ውድቅ አድርጎታል። በሁለቱም ቦታ የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው ስሙንም ገዝቷል ወይ?

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ካለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ክልሎችና ከተሞች በስፋት ወደ ሊጉ በመግባታቸው ክርክሩ መልኩን ለውጧል። «ከነማ» እና «ከተማ» የሚሉት ቅጽሎች በዙ፤ ከእነሱ ጎን ለጎን ከአካባቢ ታሪክ የተቀዱ ስሞች መጡ። ጅማ የቀድሞ ንጉሥዋን ስም ለክለቧ ሰጠች፤ ጎንደር የመሥራችዋን የአፄ ፋሲልን፤ መቀሌ የእንደርታን። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ፣ የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ በ2013 ፋሲል ከነማ ዋንጫ አነሱ። ፍጻሜ ያገኙ ሦስት ተከታታይ ውድድሮች ከታሪክ ስም በወሰዱ ክለቦች ተጠናቀቁ። በ2016 ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ወደ ኢትዮጵያ መድን ሲሄድ ግን መሥሪያ ቤቶቹ ገና ከሜዳው እንዳልወጡ ታየ።

ጅማና መቀሌ ዋንጫ ባነሱባቸው ዓመታት በስታዲየሞች ረብሻ በርትቶ፣ በትግራይና በአማራ ክለቦች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መካሄድ ደርሰዋል። የብሔረሰብ መጠሪያ የያዙ ክለቦች ስም መቀየር አለበት የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ስሙ የአንድ ወገን ሆኖ የተሰማው ሰው ከደጋፊው መካከል ለመቀመጥ ይቸገራል። ሆኖም ረብሻው የከተማ ስም ብቻ የያዙትን ክለቦችም አልማረም፤ በተቃራኒው ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ ደስታው ከወላይታ አልፎ የአገር ሆኗል። ጠቡን የሚያመጣው ከሜዳ ውጭ ያለው ፖለቲካ ነው፤ ሰሌዳ መቀየር እሱን አይነካውም።

ይፋዊው ስም ሳይሞቅ ሲቀር ደጋፊው የራሱን ያወጣል። አርባ ምንጭ ከተማ «አዞዎቹ» ነው፤ ባሕር ዳር «የጣና ሞገዶቹ»፤ ወላይታ ድቻ «የጦና ንቦች»፤ ፋሲል «አፄዎቹ»፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ «ፈረሰኞቹ»። በስፖርት ጋዜጠኞች አፍ እነዚህ ቅጽል ስሞች ከመዝገቡ ስም እኩል ያገለግላሉ። አዞ ያለው ጫሞ ሐይቅ ላይ ነው፣ ሞገዱም የጣና ነው፤ ስለዚህ «ከተማ» የሚለው ደረቅ ቃል የማይሰጠውን የቦታ ሽታ ቅጽሉ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ከማን ወገን ነህ ብሎ ማንንም አይጠይቅም። ቅጽል ስም መሥሪያ ቤቱንም ይሻገራል። የመብራቱ ክለብ ባለቤት መሥሪያ ቤት ስሙን ደጋግሞ ሲለውጥ ክለቡም መብራት ኃይል፣ በኋላም ኢትዮ ኤሌክትሪክ ተብሏል፤ ደጋፊዎቹ ግን በቀድሞው የመብራት ባለሥልጣን ምህጻር «ኤልፓ» እያሉ ይጠሩታል።