ከመጽሐፉ በፊት ውሉ

እ.ኤ.አ. በ2002 ከጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተቀዱ ሁለት የቪዲዮ ጌሞች ገበያ ላይ ዋሉ። በአንደኛው፣ በቪቬንዲ ዩኒቨርሳል በኩል በወጣው፣ ተጫዋቹ ቶም ቦምባዲልን ያገኘዋል፤ በጫካ መሀል እየዘፈነ የሚኖር፣ ታላላቆቹን ሁሉ የሚፈትነው ቀለበት ምንም የማይሠራበት ጉደኛ ፍጡር ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ባወጣው በሌላኛው ጌም ግን ቦምባዲል የሚባል የለም። ልዩነቱ የጣዕም ይመስላል፤ አይደለም። ቪቬንዲ የያዘው የመጽሐፉን ፈቃድ ነበር፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ደግሞ የፒተር ጃክሰንን ፊልሞች ፈቃድ፤ ጃክሰን ደግሞ ቦምባዲልን ከፊልሙ አውጥቶታል። በ2005 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የመጽሐፉንም መብት ጨመረ። በ2004 በፊልሞቹ ታጥሮ የነበረው «ዘ ባትል ፎር ሚድል ኧርዝ» የተባለው የጦርነት ጌም በ2006 ሁለተኛ ክፍሉ ሲወጣ ቦምባዲልም መጣ፣ ፊልሞቹ ያላሳዩት የሰሜኑ ጦርነትም መጣ። ኩባንያው በአንድ ዓመት ውስጥ የቶልኪን ደቀ መዝሙር ሆኖ አይደለም።

የእንዲህ ያለ የፈጠራ ዓለም አፍቃሪዎች በዚያ ዓለም «በእርግጥ የሆነ» ተብሎ የሚቆጠረውን ታሪክ ቀኖና ይሉታል። አንድ ጌም በወጣ ቁጥርም ከመጽሐፉ ጋር እያስተያዩ ለደራሲው ታምኗል፣ አልታመነም ብለው ይሟገታሉ። ሙግቱ ደስ ይላል፤ ግን ከርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ጌም ሠሪዎቹ የትኛውን ታሪክ እንቀበል ብለው ከመምከራቸው በፊት የትኛውን መንካት እንደሚችሉ ውሉ ወስኖላቸዋል። የቶልኪን ጉዳይ ይህን አጉልቶ ያሳያል። የ«ዘ ሆቢት» እና የ«የቀለበቶቹ ጌታ» የፊልም መብት በ1969 ለዩናይትድ አርቲስትስ ተሸጠ፤ በ1976 ወደ ሳውል ዜንትስ ዞረ፤ የጌም ፈቃዶችም የሚመነጩት ከዚሁ መስመር ነው። የዚያን ዓለም ጥንታዊ ዘመናት የሚተርከው «ሲልማሪሊዮን» ግን የታተመው ደራሲው ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977 ነው፤ ሽያጩ አልደረሰበትም። በዚህ የተነሳ በ2014 «ሻዶው ኦፍ ሞርዶር»ን የሠሩት ሰዎች የቀለበቶቹን አንጥረኛ ኬሌብሪምቦርን ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ማድረግ ቻሉ፤ ስሙ በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ተጠቅሷልና። በሌሎቹ መጻሕፍት በስፋት የተነገረው ታሪኩ ግን ከአጥሩ ማዶ ነበር። ስሙ ተፈቅዶ ታሪኩ የተከለከለ ሰው ሲገኝ ባዶውን በፈጠራ ከመሙላት ሌላ መንገድ የለም፤ ጌሙም መጻሕፍቱ የማያውቋቸውን ሚስትና ሴት ልጅ ሰጠው። አንባቢ ድፍረት ብሎ የተቆጣበት ነገር ግማሹ የጠበቆች ሥራ ነው።

ቀኖና ማለት ደራሲው የጻፈው ነው፣ አለቀ የሚሉ አሉ። የትኛው ጽሑፉ? በ1937ቱ «ዘ ሆቢት» ጎለም በእንቆቅልሽ ቢረታ ቀለበቱን ሊሸልም ቃል የገባ፣ ሲያጣውም ይቅርታ ጠይቆ የመጽሐፉን ጀግና ቢልቦን መውጫውን የሚያሳይ ፍጡር ነበር። ቀለበቱ በኋላ ልብን የሚያሳብድ ክፉ ነገር ሲሆን ይህ አላስኬደም። ቶልኪን ምዕራፉን ቀይሮ በ1951 አሳተመው፤ አሮጌው ትረካም ቢልቦ የተናገረው ውሸት ተደርጎ ተቆጠረ፤ ብልህ ማምለጫ ነው። «ሲልማሪሊዮን»ንም እርስ በርሱ ከሚጋጭ የረቂቅ ክምር መርጦ ያሰናዳው ልጁ ክሪስቶፈር ነው። መምረጥና መጣል ከጌሞቹ በፊትም ነበረ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። በ2017 «ሻዶው ኦፍ ዋር» ሺሎብን፣ ያቺን ግዙፍ ሸረሪት፣ በቆንጆ ሴት አምሳል አቀረባት። ይህን ያስገደደ ውል የለም። እውነት ነው፤ ውሉ አጥሩን ይሠራል እንጂ በአጥሩ ውስጥ ምን እንደሚተከል አይናገርም። እዚያ የሚወስነው የጨዋታው ፍላጎት ነው። ጌሙ ከጀግናው ጋር የምትደራደር፣ ምሥጢር የምታውቅ፣ ፊቷ ስሜት የሚያሳይ ተናጋሪ ፈለገ፤ ሸረሪት ለዚህ አትመችም። ውሳኔው ለእኔ መጥፎ ነው፤ ከመጽሐፉ ስለራቀ ግን አይደለም። የመጽሐፏ ሺሎብ የምታስፈራው የማንም ጦርነት ስለማይገዳት፣ ከረሃቧ በቀር ጌታ ስለሌላት ነው። የሴራ ሰው ሲያደርጓት ያ ፍርሃት ጠፋ፤ ጌሙ ራሱ ከሰረ።

የፖላንዱ «ዊቸር» ደግሞ አጥሩ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ያሳያል። አንድዤ ሳፕኮቭስኪ የልብ ወለድ ሰንሰለቱን በ1999 ሲዘጋ ጀግናው ጌራልት በሕዝብ ግርግር መሀል በመንሽ ተወግቶ ነበር፤ መሞት መዳኑ በግልጽ አልተነገረም። ሲዲ ፕሮጄክት በ2007 ባወጣው ጌም ጌራልት ተመለሰ፤ ትዝታው ግን ተሰርዟል። በዚህ መላ መጽሐፉን ያነበበም ያላነበበም ተጫዋች እኩል ይጀምራል፤ ከመጽሐፉም አንድ ገጽ መካድ አላስፈለገም። ሳፕኮቭስኪ ጌሞቹ የመጻሕፍቱ ተከታይ እንዳልሆኑ ደጋግሞ ተናግሯል፤ በ2018 ጠበቆቹ ኩባንያውን ሲጠይቁ ግን ያነሱት 60 ሚሊዮን ዝሎቲ እንጂ የጌራልትን ትዝታ አልነበረም። በ2019 መጨረሻ በአዲስ ውል ተስማሙ። ሦስተኛው ጌም ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ስለተሸጠ፣ ለብዙ ሰው የጌራልት የኋላ ዘመን ጌሙ የነገረው ነው።

አሁን ደግሞ ኩባንያው በራሱ ቀኖና ተይዟል። ሦስተኛው ጌም እንደ ተጫዋቹ ምርጫ የጌራልትን የማደጎ ልጅ ሲሪን ወይ እንደ እርሱ ጭራቅ አዳኝ ያደርጋታል፣ ወይ ለንግሥና ይልካታል፣ ወይ ሳትመለስ ትቀራለች። በታኅሣሥ 2024 ይፋ የሆነው አራተኛው ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ ግን ጭራቅ አዳኟ ሲሪ ናት። እሷን ወደ ዙፋን ልኮ ጌሙን የዘጋ ተጫዋች የሳፕኮቭስኪ ዕጣ ደርሶታል፤ ደራሲው ግን ቢያንስ የሚሟገትበት ውል ነበረው።