አላይነር የሚሻ አዋቂ ታካሚና የጤና ባለሙያው ምክር

ጥርስን ማስተካከል ለረጅም ዘመን የልጆችና የወጣቶች ሕክምና ሆኖ ሲታይ ኖሯል። አዋቂው ግን፣ በተለይም በባንክ መስኮት፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በመማሪያ ክፍል ወይም በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት የሚውለው ሠራተኛ፣ ጥርሱ እንዲስተካከልለት ቢፈልግም የብረት ሽቦ በአፉ እየታየ ከሰው ፊት መቆሙን አይወደውም። ለዚህ ፍላጎት መልስ ሆኖ የቀረበው አላይነር የተባለው ማስተካከያ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከተማ ጥያቄው በቅድሚያ የሚቀርበው ለኦርቶዶንቲስት ሳይሆን በቅርብ ለሚገኘው ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም የጥርስ ሕክምና ባለሙያ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ምክር ትክክለኛ መሆን ይኖርበታል።

አላይነር ጥርስን እንደ ጓንት የሚያለብስ ስስና ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቅርጽ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኬስሊንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በተከታታይ ቅርጾች ጥርስን ጥቂት በጥቂት ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አመልክተው ነበር። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን ቅርጽ በእጅ ማዘጋጀት አድካሚ ስለነበረ፣ ሐሳቡ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቁሞ ኮምፒዩተርን ለዚሁ ተግባር ካዋለ በኋላ ነው። ዛሬ ተመሳሳይ ምርት የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። በአሠራሩ መሠረት የታካሚው ጥርሶች ልኬት ተወስዶ ጉዟቸው ከመነሻ እስከ መድረሻ በኮምፒዩተር ይነደፋል፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ጥርስን ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚገፉ ተከታታይ ቅርጾች ይዘጋጃሉ። ታካሚው አንዱን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ለብሶ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል። ቅርጹ አጥብቆ እንዲይዝ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች በጥርሶቹ ላይ የሚለጠፉበት ጊዜ ስላለ፣ «ፈጽሞ አይታይም» የሚለው የማስታወቂያ አነጋገር የተጋነነ ነው። መጠነኛ መጣበብንና መራራቅን በሚገባ ያስተካክላል፤ የመንጋጋ አጥንት አለመመጣጠንን ግን ብቻውን አያቃናም።

ታካሚው በሚገባ ሊረዳው የሚያስፈልገው፣ የሚለወጠው የጥርሱ ቦታ ብቻ ሳይሆን ጥርሱን የተሸከመው አጥንት ጭምር መሆኑን ነው። ጥርሱ በተገፋበት ወገን ኦስቲዮክላስት የተባሉት ሕዋሳት አጥንቱን ያሟሙታል፤ በለቀቀው ወገን ደግሞ ኦስቲዮብላስት የተባሉት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ድዱ ጤናማ ሲሆን ይህ የማፍረስና የመገንባት ሥራ በሥርዓት ይካሄዳል። ድዱ በታመመ ሰው ላይ ግን ማፍረሱ ያይልና ጥርሱ እስከ መነቃነቅ፣ አልፎም እስከ መውለቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ድዱ የሚደማ፣ ታርታር የተጋገረበት ወይም ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የድድ ሕክምና ማግኘት አለበት። «ጥርሴ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ ከጊዜ በኋላ ነው የተራራቀው» የሚል ታካሚ ደግሞ በተለይ ሊመረመር ይገባል፤ የፊት ጥርሶች በጉልምስና መራራቅና ወደ ፊት መውጣት ራሱ የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ፣ ድድን የሚያሳብጠው ፌኒቶይን፣ የአጥንትን መታደስ የሚያዘገየው ቢስፎስፎኔትም በጥያቄው ውስጥ መካተት አለባቸው።

በጎጃም ደጋ ይህን ምርመራ የሚያከብድ አንድ ነገር አለ። ለውበት ሲሉ ድዳቸውን የተነቀሱ ሴቶች ያጋጥማሉ፤ በጠቆረው ድድ ላይ የብግነት ቅላት በግልጽ አይታይም። በመሆኑም በቀለሙ ከመፍረድ ይልቅ በድድ መመርመሪያ መሣሪያ ሲነካ መድማት አለመድማቱንና በጥርሱና በድዱ መካከል ያለውን ኪስ ጥልቀት ማየት ይበጃል። (የአፍን ውበት መሻት ለአካባቢው ሰው ከውጭ የመጣ ነገር አለመሆኑንም ንቅሳቱ ራሱ ይመሰክራል።) ከዚሁ ጋር ፍንጭትን ማንሳት ተገቢ ነው። በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በመማሪያ መጻሕፍት እንደ ጉድለት ቢቆጠርም፣ በእኛ ዘንድ ግን የቁንጅና ምልክት ነው። በኮምፒዩተር የተነደፈው ዕቅድ ክፍተቱን ሳይጠይቅ ሊዘጋው ስለሚችል፣ የታካሚው ፈቃድ በቅድሚያ መታወቅ አለበት።

የጥርስ አሰላለፍ መዛባት ምክንያትም መጣራት ይኖርበታል። ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ የያዘው ሕፃን የክራንቻ ጥርሱ ሊወጣበት ያለው ድድ አብጦ ሲታይ፣ በሽታው ከዚያ የመጣ እየመሰለ ያልበቀለው የወተት ጥርስ በስለት የሚወጣበት ልማድ በአካባቢው የቆየ ነው። ስለቱ ከሥሩ የሚገኘውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ሲነካ፣ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ሳይበቅል ይቀራል፤ ቅርጹ ተበላሽቶ ወይም ያለ ቦታው ይበቅላል፤ አጎራባቾቹም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። እንዲህ ያለውን አፍ ያለ ራጅ በአላይነር ለማስተካከል መነሣት በጨለማ እንደ መሄድ ይቆጠራል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ድርጊቱ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ሲያስከትል የሚያስቀጣ መሆኑን ደንግጓል። ሆኖም በክትባት ቀን ለእናቲቱ የሚሰጠው ማስረዳት፣ በተለይም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) እንጂ ስለት አለመሆኑን መንገር፣ ከቅጣቱ ይልቅ ብዙ ጥርስ ያድናል።

ሕክምናው የሚሰምረው ቅርጹ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ሲለበስ ነው። ከንጹሕ ውኃ በስተቀር ለማናቸውም ምግብና መጠጥ መውለቅ አለበት፤ ትኩስ ቡና ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ ስኳሩም በቅርጹና በጥርሱ መካከል ተጠምቆ ጥርስን ያበሰብሳል። እንግዲህ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ቅርጹን አውልቆ የሚቀመጥ ሰው፣ የምግቡ ጊዜ ሲታከልበት የተፈቀደለትን ሰዓት በቀላሉ ያልፋል። ቡናውን ተው ከማለት ይልቅ፣ በአንድ ስኒ ተወስኖ አፉን ተጉመጥሙጦ ቅርጹን እንዲመልስ መምከር የሚፈጸም ምክር ነው። የጾም ወራት በአንጻሩ ለሕክምናው ያመቻል። በድግስ ላይ የወለቀ ቅርጽ በሶፍት ተጠቅልሎ ከፍርፋሪ ጋር መጣሉ የተለመደ ስለሆነ ማስቀመጫው ከኪስ አይለይ። መፋቂያ የጥርስን ገጽ ቢያጸዳም በጥርሶች መካከል ያለውን ስለማይደርስበት ብሩሽና የጥርስ ክር ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሰ» እና «ሸ» በአንደበት ላይ ሊኮላተፉ ስለሚችሉ፣ ንግግር ሥራው የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ቅርጽ ዓርብ ማታ ቢጀምር ይሻላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይመረጣል፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት መድኃኒቶች የጥርስን እንቅስቃሴ ሊያዘገዩ ይችላሉ።

አስቸጋሪው ጉዳይ ክትትሉ ነው። በአገራችን ኦርቶዶንቲስቶች ጥቂቶች ሲሆኑ በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠይቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገዱ በየጊዜው ሲስተጓጎል ቆይቷል። ስለዚህ ታካሚው ከመክፈሉ በፊት የቀጠሮውን ብዛትና መንገድ ቢዘጋ ምን እንደሚያደርግ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። ቀጣዩን ቅርጽ በጊዜው ያላገኘ ሰው በእጁ ያለውን መልበሱን ይቀጥላል እንጂ አያቆምም።

ያለ ሐኪም ምርመራ በፖስታ የሚላክ አላይነር መፍትሔ ሊመስል ይችላል። በዚህ ንግድ ስመ ጥር የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሲዘጋ ደንበኞቹን በሕክምናቸው መካከል ጥሏቸዋል። ከዚህም የከፋው ፍንጭትን ለመዝጋት በሁለት ጥርሶች ዙሪያ ተራ ላስቲክ ማሰር ነው፤ ላስቲኩ ከድድ ሥር ገብቶ በሥሩ ላይ እየወጣ አጥንቱን ስለሚበላው ጤነኛ ጥርሶች ይነቀላሉ።

ጥርስ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ዝንባሌ ስላለው ሪቴይነር የተባለውን መያዣ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት መልበስ ግዴታ ነው። የዚህም ዋጋ በመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ መካተቱን፣ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር በቶሎ ሌላ እንዲሠራ የመጨረሻው ልኬት በክሊኒኩ መቀመጡን ታካሚው ይጠይቅ።